ለተከበረው የ‹ሰው ምን ይላል› ኮሚቴ የቀረበ ምስጋና

ስሙን የሚያጠፉት አልጠፉም እንጂ፣ እንደ ‹ሰው ምን ይላል› ያለ ታማኝ አገልጋይ የለንም። ደሞዝ አይጠይቅም። የዓመት ፈቃድ አይወጣም። ከክርስትና እስከ ተዝካር አብሮን አለ። ምን እንደምንማር፣ ማንን እንደምናገባ፣ በስንት መኪና እንደምንዳር ይወስንልናል። ሠርጉን በብድር ስንደግስ ግን ብድሩ ላይ አይፈርምም። ጨዋ ነው፣ በሰው ገንዘብ ጉዳይ አይገባም።

ኮሚቴው ቢሮ የለውም። ቡና በተፈላበት ይሰበሰባል። አሠራሩን ለማታውቁ አንድ ጉዳይ እንዴት እንደታየ ልንገራችሁ።

የጎረቤታችን ልጅ በአካውንቲንግ ተመርቆ ባንክ ተቀጠረ። ክራቫት አሠረ። እናትየው የጋውን ፎቶውን ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀሉ። ሰፈሩ ሰላም ሆነ። ልጁ ግን ነፍሱ እንጨት ላይ ነች። ከሥራ ሲወጣ አንድ አናጺ ዘንድ እየሄደ መላጊያ ይዞ ያመሻል። በኋላ ባንኩን ለቀቀና አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ከፈተ።

አቦሉ ሳይቀዳ አጀንዳው ተያዘ።

«ልጅሽ ደህና ነው?» አሉ ከማዶ ያሉት እትዬ።

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እና በጤናው ነው ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ ነስንሶ የሚዞረው?»

አንዷ ፀበል አሉ። ሌላዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ባንክ እኮ እንዲሁ አይለቀቅም፣ ገንዘብ ጎድሎ ይሆናል» አሉ። ቶናው ሲቀዳ ልጁ ሌባ ሆኖ ነበር። በረካው ላይ እናትየው በነጠላቸው እንባቸውን ይጠርጋሉ። ልጁን ጠርቶ ያነጋገረው የለም፤ ምን ሊያውቅ ብሎ!

እዚህ ላይ እትዬ የተቀመጡባትን ዱካ መግለጽ አለብኝ። ከጥሩ ዋንዛ የተሠራች፣ ሦስት እግር ያላት፣ ምንም የማትነቃነቅ ነች። ዳር ዳሯ ላይ ሐረግ ተቀርጾባታል። ልጁ ለእናቱ የሠራላት ናት። እትዬ ፍርዱን ከሰጡ በኋላ ዱካዋን ዳበስ አድርገው «ውይ ስታምር! ከየት ነው ያስመጣችሁት?» አሉ።

ኮሚቴው ንጉሥም አይፈራ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁቲት በጣሽ፣ ነጋዴውን መጫኛ ነካሽ እያላችሁ አትስደቡ አሉ። ዓድዋ ላይ ጣልያን የተሸነፈላቸው ንጉሥ ናቸው፤ የሰፈር ቡና ግን አልተሸነፈላቸውም። መቶ ዓመት አለፈ፣ እኛም አደራችንን አልበላንም። ስድቡን ብቻ አዘመንነው። ዛሬ ጠይብ የሚል ሰው ኋላ ቀር ነው። ዘመናዊው ከንፈሩን መጥጦ «ያን ሁሉ ተምሮ…» ብሎ ያቆማል። ቀሪውን አድማጭ ይሞላዋል።

ደግሞስ የጂኦግራፊ ዕውቀቱ! አዲስ አበባ ላይ መኪና የሚያስቆም ልጅ ‹ሥራ ያጣ› ነው። ያው ልጅ ዋሽንግተን ሄዶ መኪና ቢያስቆም ‹ውጭ ነው ያለው› ይባላል፣ ለእረፍት ሲመጣ በግ ይታረድለታል። ሥራ የሚከበረው በአውሮፕላን ትኬት መሆኑን ያለ ኮሚቴው ማን ይነግረን ነበር?

እርግጥ አንዳንዴ ከእጅ የሚያመልጥ አይጠፋም። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ ሩጫ ሲጀምር አባቱ አልወደዱለትም ነበር። ልጁ አሻፈረኝ ብሎ ሮጠ። አትላንታ ላይ፣ ቀጥሎም ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አመጣ። ጥላሁን ገሠሠም ልጅ ሳለ አያቱ ዘፈኑን ትቶ ትምህርቱን እንዲይዝ ነበር የሚፈልጉት። እምቢ አለና አገር ሙሉ አለቀሰበት፣ ጨፈረበት። ሁለቱም ቢታዘዙ ኖሮ ዛሬ የሚያስቸግሩ ምሳሌዎች አይኖሩንም ነበር። ልጅ ሁሉ እየተነሳ «ኃይሌስ?» ይላል።

ኮሚቴው ግን በዚህም አይደናገጥም፤ ብልሃቱን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። የልብህን ሠርተህ ከከሰርክ «ተው ብለነው ነበር» ይላል። ከቀናህ «ድሮም ዓይኑ ላይ ያስታውቅ ነበር» ይላል። በሁለቱም መንገድ ትክክል ነው። እንዲህ ያለ ኪሳራ የማያውቅ ድርጅት ባንኮቻችን መካከል እንኳ አላየሁም። የሱቅ ኪራይ በደረሰ ጊዜ ብቻ አባላቱን ማግኘት ያስቸግራል። ለቅሶ ይሄዳሉ፣ ማኅበር ይሄዳሉ፣ ስልካቸው አይሠራም። ሰው ናቸው፣ ይደክማቸዋል።

የልጁን ጉዳይ ለምትጠይቁ፣ ሥራው ቀንቶታል። ትእዛዝ በዝቶበት ሁለት ረዳት ቀጥሯል። ባለፈው ሰሞን ከማዶ ያሉት እትዬ ለልጃቸው ሠርግ ቁምሳጥንና አልጋ ሊያዙ ሄዱ። ዋጋውን ሰምተው ደነገጡ።

«እንዴ ልጄ፣ ለኔም እንዲህ ትላለህ? አይዞህ በርታ ብዬ እዚህ ያደረስኩህ እኔ አይደለሁም?»

ግማሽ ዋጋ ቀነሰላቸው። ምን ያድርግ፣ ሰው ምን ይላል።