አይዞህ በኪሎ ሜትር

«ስለት ነው ልጄ?»

የጠየቁኝ አዛውንት አህያቸውን እየነዱ ነበር። ቦታው ከሱሉልታ ወጥቶ ወደ እንጦጦ የሚያሻቅበው ዳገት ነው። እኔ ብስክሌት ላይ ነኝ። እሳቸው በእግራቸው፣ አህያዋ ከነጭነቷ፣ ሦስታችንም እኩል እንሄዳለን። እንዲያውም አህያዋ ትንሽ ትቀድመኛለች።

«አይ አባባ፣ ለበጎ አድራጎት ነው» አልኩና ትንፋሼ አለቀ። ለእሳቸው ያልጨረስኩትን ለእናንተ ልጨርሰው። ኩላሊታቸው ሥራ ላቆመባቸው ሰዎች የእጥበት ገንዘብ ለማሰባሰብ ከአዲስ አበባ ደብረ ሊባኖስ ደርሰን የምንመለስ ብስክሌተኞች ነን። መሄጃው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መመለሻውም ያው። እጥበት ማለት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ተጣብቆ መዋል ነው። ወጪው ቤት ያሸጣል። ስለዚህ እያንዳንዳችን የምናውቀውን ሰው ሁሉ «በነዳሁት ኪሎ ሜትር ስንት ትሰጣለህ?» እያልን ቃል አስገብተናል። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች አምስትም አሥርም አሉ። የሂሳብ ክፍላችን ኃላፊ ግን ሆዴን አየት አድርጋ «20 ብር!» አለች። ለጋስ ሆና አይደለም። አዲሱ ገበያንም እንደማላልፍ እርግጠኛ ስለነበረች ነው።

«ታዲያ ገንዘቡን ዝም ብለው አይሰጡም?» አሉ አባባ። «አንተ ካልተሰቃየህ አይሰጡም?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

«በል አይዞህ» አሉኝና ቀድመውኝ ሄዱ።

የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበር። ጧት ነው፣ ጉልበት አለ፣ ፎቶ ይነሳል። ማታ ደብረ ሊባኖስ ስንደርስ ግን ሦስት ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ሰባት ዓመት ቆመው ጸለዩ የሚባልበት አገር ሁለት እግር ይዞ ማልቀስ ነውር ነው። ዝም ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ጫንጮ ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ በጎኔ ባለፈ ቁጥር ብስክሌቴ ወደ ቦዩ ትሰግዳለች። ሹፌሮቹ ጡሩምባ ይነፋሉ። መጀመሪያ ስድብ መስሎኝ ነበር። በኋላ አንዱ በመስኮት አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳየኝ። ለካ አይዞህ ማለቱ ነው! ጆሮዬ ግን እስከ ሱሉልታ ጮኸ።

ሱሉልታ ሻይ ልጠጣ ቆምኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ የራስ ቁሬን አገላብጠው ካዩ በኋላ «አንተ ገረመው ደንቦባን ታውቃለህ?» አሉኝ። በስም እንደማውቃቸው ነገርኳቸው። «በ49 ዓ.ም. ሜልቦርን! አገራችን መጀመሪያ ኦሎምፒክ ስትሄድ ሯጭ ብቻ መሰለህ የላከችው? ብስክሌተኛም ልካለች!» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ከራስ ቁሬ ወደ ሆዴ፣ ከሆዴ ወደ ቁምጣዬ ወረደ። ለብስክሌተኛ የሚሠራ፣ ከኋላው ስፖንጅ ያለው ጥብቅ ቁምጣ ነው። ብዙ ዝም አሉ። «አንተም አይዞህ» አሉ በመጨረሻ።

ዳገቱ ከዚያ በኋላ ነው። የእንጦጦ ጋራ 3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው 30 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ቁጥር ነው። ደረት ውስጥ ሲገባ ግን ሰው አፍህን በነጠላ የሸፈነው ያህል ነው። ማርሹን የመጨረሻው ላይ አድርጌያለሁ። ከዚያ በታች ያለው መውረድ ብቻ ነው። ዓይኔ ካቴናው ላይ ተተክሏል። ጥርስ በጥርስ ይዞራል፣ ቋ ቋ ይላል። የብስክሌት ሰንሰለትና የፖሊስ ብረት አንድ ስም የተሰጣቸው ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

ይህን ሁሉ ብቻዬን ብችለው ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር። የእኛ አገር ሰው ግን ብቻህን እንድትሰቃይ አይፈቅድም። ሚኒባስ ፍጥነቱን ቀንሶ ከጎኔ መጣ። ረዳቱ በግማሽ ወገቡ ወጥቶ «አይዞህ ብራዘር! አንድ ሰው ቦታ አለ፣ ሳይክሏን ፖርቶ መጋላ ላይ እናስራታለን!» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እያየኝ ነው። አንዲት እናት «ኧረ ግባ ልጄ፣ ምን በወጣህ» አሉ። እምቢ ስል የተከፉት እሳቸው ናቸው። ዓይኔ ግን ሚኒባሱን እስከ ኩርባው ሸኘው።

ቀጥሎ ሯጮች መጡ። ሱሉልታ የአትሌቶች ሰፈር ነው። ክብደቷ የኔን አንድ እግር የማያህል ልጅ ዳገቱን ሽቅብ እየሮጠች አለፈችኝ። አልላባትም። «አይዞን!» አለች። አይዞን ማለቷ ነው የጎዳኝ። እሷ ምን ሆና ነው?

ከዚያ ልጆች። መጀመሪያ «ቻይና! ቻይና!» አሉ። መነጽሬን ሳወልቅ «ኧረ ሐበሻ ነው!» ብለው ተስፋ ቆረጡ። ቢሆንም አልተዉኝም። አራቱ ከኋላ ገብተው በኦሮምኛ «ጀባዹ! ጀባዹ!» (በርታ! በርታ!) እያሉ ይገፉኝ ጀመር። ተዉ ማለት ነበረብኝ። ትንፋሽ ያለው ሰው ነው ተዉ የሚለው። አንድ ኪሎ ሜትር ሳይገፉኝ አልቀሩም። ሲለቁኝ ብስክሌቷ የተጣበቀች መሰለኝ።

«ስንት ቀረኝ?» ብዬ አለመጠየቅ ነበረብኝ። ጠየቅኩ። በቆሎ እሳት ላይ የምትጠብስ ልጅ ሳታየኝ በማራገቢያዋ ወደ ላይ ጠቆመች፦ «እዚህች ናት።» እዚህች ናት በእኛ አገር የርቀት መለኪያ ነው፤ ከ200 ሜትር እስከ ሩብ ቀን ይሆናል። ኩርባውን ዞርኩ፣ ሌላ ኩርባ። ደግሞ አንዱን ሰውዬ ጠየቅኩ። «ደርሰሃል እኮ! እዚህች ናት፣ አይዞህ።» ቁርጡን የሚነግረኝ ጨካኝ ሰው ናፈቀኝ። «አምስት ኪሎ ሜትር ቀርቶሃል፣ ሁሉም ዳገት ነው፣ ደግሞ ሊዘንብ ነው» የሚል አንድ ሰው ባገኝ አቅፌ እስመው ነበር።

መሐል ላይ ስልኬ ጠራ። እናቴ ነች። «የት ደረስክ?» ዳገት ላይ ነኝ ስላት «ወርደህ ግፋዋ!» አለች። ወርጄ ብገፋ ለጋሾቼ ይቆጥሩልኛል ወይስ አይቆጥሩልኝም የሚለውን ሳስብ መቶ ሜትር አለፈ። የዚያን ቀን ጠቃሚው ስልክ እሱ ነበር።

ጫፍ ላይ ስደርስ ማንም አልነበረም። ባህር ዛፍ፣ ብርድ፣ ከታች ጭስ የለበሰች አዲስ አበባ። አይዞህ ለማግኘት ዘወር ዘወር አልኩ። ሰው የለም። ቁልቁለቱን ፍሬን እንደያዝኩ እስከ አዲሱ ገበያ ወረድኩ፤ ጎማው ሸተተ።

ሰኞ ጧት የሂሳብ ክፍል ኃላፊያችን ካልኩሌተሯን አውጥታ ጠበቀችኝ።

«ስንት ነዳህ?»

«200።»

«ከእንጦጦ አዲሱ ገበያ ስትወርድ ፔዳል መተሃል?»

መዋሸት አልቻልኩም። «አልመታሁም።»

«ቀነስን። ስትሄድስ፣ ከእንጦጦ ሱሉልታ?»

ዝም አልኩ። ቀነሰች።

«ልጆቹ የገፉህስ?»

የልጆቹን ነገር ቡና ላይ ሳወራ የሰማ ሰው እንዳለ አላወቅኩም ነበር። ጣቷ ካልኩሌተሩ ላይ ሮጠ።

«ሁሉንም 30 እንበለው። 170 በ20፣ 3,400 ብር።» ቀና ብላ አየችኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። «አይዞህ፣ ደሞዝ ሲወጣ።»