105 ዲግሪን አትጠብቂ

እህቴ፣ የኮክ ማርማላታ አሠራርሽን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላርም። «ቴርሞሜትሩ 105 ዲግሪ ካላለ አልበሰለም» ብለሻል። ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚለው። ለባሕር ዳርቻ አገር ልክ ነው፤ ለእኛ ግን አይሠራም።

እኔ ያለሁት ሱሉልታ ነው፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ማርማላታ የሚደርሰው ደግሞ ውሃ ከሚፈላበት 4 ወይም 5 ዲግሪ ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ 96 ወይም 97 በቂ ነው። አምና ለክረምት ብዬ ስሠራ 105ን ስጠብቅ ድስቱ አረረብኝ። ከላይ የተረፈው እንደ ደስታ ከረሜላ ጥርስ ላይ ሙጭጭ ይል ነበር። (ልጆቹ ግን አልጠሉትም።)

አሁን ቴርሞሜትሩን ትቼዋለሁ። ትንሽ ሳህን ፍሪጅ ውስጥ አቀዘቅዝና ከማርማላታው ጠብ አደርግበታለሁ። አንድ ደቂቃ ቆይቼ በጣቴ ገፋ ሳደርገው ፊቱ ከተጨማደደ ደርሷል። ከፈሰሰ ይቀረዋል። ይህን ስትሞክሪ ድስቱን ከእሳት አውርጂው፣ አለበለዚያ እዚያው መብሰሉን ይቀጥላል። ደግሞ ኮክ ብቻውን ቶሎ አይረጋም፤ ሎሚ ጨምቂበት።