ሞተርሳይክል ለሳሎን አልተሠራም
ያንገበግባል! እ.ኤ.አ. በ1936 ገበያ ላይ የዋለውን የሃርሊ ዴቪድሰን «ናክልሄድ» ገዝቶ እንደ አበባ ማስቀመጫ ሳሎን ውስጥ መገተር ምን የሚሉት ፍቅር ነው? ይህ ሞተርሳይክል ፍሪሲዮኑ በእግር እየተረገጠ፣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ጎን ያለው ማርሽ በእጅ እየተቀየረ መንገድ እንዲበላ የተሠራ ነው። ሲቆም ይታመማል፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሙጫ ይሆናል፣ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ዘይቱም ቀስ በቀስ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ የነበረው «ኢንዲያን» የሞተርሳይክል ፋብሪካም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1953 ማምረቱን አቁሟል፤ «ቺፍ» የተባለው የዚያ ዘመን ሞተርሳይክሉ ከእንግዲህ አይሠራም። የእነዚህ አሮጌ ሞተርሳይክሎች ዋጋ ሰማይ ስለነካ መንዳት የምንፈልገው ሰዎች በመስታወት አሻግረን እናያለን። አንዱን ባለቤት የሞተሩን ድምፅ ብቻ ልስማ ብዬ ብለምነው «ያረጃል» ብሎ ከለከለኝ። ከዚህ በላይ ምን ሊያረጅ! እባካችሁ ወይ ንዱት፣ ወይ ለሚነዳው ሽጡለት!