ውሃ ሲገባም ሲወጣም

አምስተርዳም ውስጥ ለሽንት አንድ ዩሮ። እሱም በካርድ ብቻ። በሩ ላይ እንደ ባቡር ጣቢያ የሚዞር ብረት ገትረዋል፤ ካርድ ካላስነካህ ንቅንቅ አይልም። ከአዲስ አበባ የመጡት አክስቴ ስኳር አለባቸው፤ መታገሥ የሚባል ነገር የለም። ቦርሳቸውን ከፍተው ሳንቲም መፈለግ ጀመሩ።

"እትዬ፣ ሳንቲም አይቀበልም።"

"ታዲያ ምን ይቀበላል? ስእለት?"

አምስተርዳም እንግዲህ ውሃ በውሃ የሆነች ከተማ ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የቆፈሯቸውን ቦዮች ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ምሳ ላይ ግን የቧንቧ ውሃ ብንጠይቅ አስተናጋጁ በጠርሙስ አመጣልን። ሂሳቡ ሲመጣ ውሃው ከቢራው እኩል ነው! "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው" የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ያደግኩት ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ነው፤ ሌሊት ቧንቧው ሲንፏቀቅ ሰምተን፣ ጀሪካን ይዘን የምንሮጥ ነበርን። ተረቱ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ እነዚህም የዓባይ ልጆች ናቸው፤ ልዩነቱ ጥማቱን ሸጠውታል።

አድናቆት አልነፍጋቸውም። ዳም አደባባይ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት፣ ድሮ የከተማው ማዘጋጃ ቤት የነበረው፣ ረግረጉ ውስጥ በተተከሉ 13,659 የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው የቆመው። ቤቶቹ ጠባብ ናቸው፤ አናታቸው ላይ መንጠቆ ያለው እንጨት ወጣ ብሎ ይታያል። ዕቃ የሚወጣው በዚያ ተጎትቶ፣ በመስኮት ነው። ዕቃው ግድግዳ እንዳይነካ ብለው የብዙዎቹን ፊት ወደ መንገድ አዘንብለው ሠርተውታል። አክስቴ ከሥራቸው ላለማለፍ መንገድ ይሻገሩ ነበር። ለምን ዕቃ በደረጃ እንደማይወጣ የገባኝ ያደርንበት ቤት ነው። ደረጃው መሰላል ነው በሉት። አክስቴ በእጃቸውም በእግራቸውም እየወጡ፣ በየእርከኑ አንድ ጻድቅ ይጠሩ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ጻድቃኑ አልቀው ወደ ሰማዕታት ተሻግረዋል።

እኔ ግን ከዚህ አገር ጋር የቆየ ቂም አለኝ። የጤፍ ነው። አንድ የኔዘርላንድ ድርጅት የጤፍ ዱቄትን አዘገጃጀት የኔ ፈጠራ ነው ብሎ ፓተንት አወጣበት። ጤፍ! እናቶቻችን አቡክተው፣ አብሲተው፣ ስንት ዘመን የጋገሩትን! ያኔ ደሜ ፈልቶ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ይፈላል። ሽንት ላይ ዋጋ የለጠፈ ሰው እንጀራ ላይ ቢለጥፍ ምን ይገርማል? የባሰው ደግሞ አለ። ፓተንቱን ያስሰረዝነው እኛ አይደለንም። ሁለት የኔዘርላንድ ድርጅቶች በዱቄታችን ጉዳይ እርስ በርስ ተካሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሄግ ያለው የአገሪቱ ፍርድ ቤት ፓተንቱ ዋጋ የለውም አለ። እኛ ዳር ቆመን እልል አልን። ንብረታችንን የወሰደውም የመለሰውም እነሱ፣ ጭብጨባው የኛ። ይሄ ለኔ ከፓተንቱ እኩል ያናድደኛል።

ምን እያልኩ ነበር? ሽንት ቤት። ካርዴን አስነካሁና እትዬ ገቡ። ስጠብቃቸው ቦዩ ዳር አንድ ጥምዝምዝ ያለ አረንጓዴ ብረት አየሁ። የወንዶች መሽኛ ነው። በነጻ! በር እንኳ የለውም። ለወንድ ነጻ፣ ለሴት አንድ ዩሮ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዚሁ ከተማ ፍርድ ቤት ጉድ የሚያሰኝ ነገር ተናግሯል። አንዲት ሴት ሌሊት ሽንት ቤት አጥታ መንገድ ላይ ሸንታ ተከሰሰች። ዳኛው ደስ ባይልም የወንዶቹን መጠቀም ትችል ነበር ብለው 90 ዩሮ ቀጧት። ሴቶች ተቃውሞ አሰሙ፤ ያሰሙት ደግሞ ያንሳል።

እትዬ ሲወጡ ይሄን ነገርኳቸው። ብረቱን ዞረው አዩት። አንድ ጎረምሳ ውስጡ ቆሟል፤ እግሩ ከታች፣ ጭንቅላቱ ከላይ ይታያል።

"ዳኛው እናት የላቸውም እንዴ?" አሉ።