ስንጥቁን ከመቀባታችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ የግል ቤት ያላችሁም ሆነ የጋራ ሕንፃ የምታስተዳድሩ፣ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ባያችሁ ቁጥር ቀድማችሁ የምትጠሩት ቀለም ቀቢውን ነው። ዛሬ የምገስጻችሁም በዚሁ ጉዳይ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ በሕንፃ ላይ ሲሆን ግን የሚጎዳው ደባቂው ብቻ አይደለም፣ ከጣሪያው ሥር የሚተኛው ሁሉ ነው።

በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ያየሁትን ዓምድ አልረሳውም። ከወለሉ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ ነበረው፤ በስንጥቁ ዳር ቡናማ የዝገት ውሃ ወርዶ ደርቋል፤ ቀለሙ ግን ገና አዲስ ነበር። በመዶሻ ቀስ ብዬ ሳንኳኳው ጤነኛ ኮንክሪት የሚሰጠውን ጠጣር ድምፅ አልሰማሁም፤ የሰማሁት ከውስጥ የለቀቀ ነገር የሚያሰማውን ባዶ ድምፅ ነው። ሽፋኑ በእጄ ተነሳ፤ ውስጡ ያለው ፌሮም፣ ማለትም ኮንክሪቱን የሚያጠነክረው ብረት፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነባብሮ ይላጥ ነበር። ከበላዩ የሚያልፈው የፍሳሽ ቧንቧ ለዓመታት ሲያንጠባጥብ ኖሯል። ዓምዱ በተደጋጋሚ ተቀብቷል፤ ቧንቧውን ግን የነካው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ኮንክሪት ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) ከ12 በላይ ስለሆነ በፌሮው ላይ ዝገት የሚከላከል እጅግ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጊዜ ብዛት ወደ ውስጥ እየዘለቀ ፒኤቹን ከ9 በታች ሲያወርደው፣ ወይም ጨው ከውሃ ጋር ሰርጎ ሲገባ፣ ያ ሽፋን ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ እርጥበትና ኦክስጅን ካገኘ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱም ከተበላው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ከውስጥ የሚገፋን ነገር ከውጭ በተለቀለቀ ስቱኮ ማን ይመልሰዋል?

የምታሠሩም ስሙ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ ውስጥ የሚዘልቅበት ጥልቀት በጊዜው ስኩዌር ሩት ልክ ስለሚያድግ፣ ማለትም ጥልቀቱ እጥፍ እንዲሆን አራት እጥፍ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ በፌሮው ላይ ያለውን የኮንክሪት ሽፋን ከ30 ሚሊሜትር ወደ 15 ያወረደ ሰው የመከላከያውን ዕድሜ ወደ ሩብ ገደማ ነው የሚያወርደው። ለሥራ እንዲቀል ብላችሁ በኮንክሪቱ ላይ ውሃ አታስጨምሩ፤ ከተሞላ በኋላም ውሃ ማጠጣቱን በሁለተኛው ቀን አታስቁሙ።

ስንጥቅ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ አላስፈላጊ ፍርሃትም አልፈልግባችሁም። በልስን ላይ ብቻ የቀረ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ብዙ ጊዜ የልስኑ መድረቅ ያመጣው ነው። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ወይም በብሎኬት ግድግዳ ላይ እንደ ደረጃ የሚወርድ ሲሆን ግን መሠረቱ መስመጡን ጠርጥሩ። የፌሮውን መስመር ተከትሎ የሚሄድና ዝገት የሚያለቅስ ከሆነ በውስጡ ብረት እየተበላ ነው። ባለሙያ ስትጠሩም በዓይን አይቶ እንዲሄድ አትፍቀዱለት፤ ኮንክሪቱን ጥቂት ፈልፍሎ ፌኖልፍታሊን የሚባለውን ፒኤች በቀለም የሚያሳይ ፈሳሽ ይርጭበት፤ ወደ ሐምራዊ ሮዝ የተለወጠው ክፍል መከላከያው ገና አለ፣ ቀለም ያልያዘው ክፍል ግን አጥቷል።

እንዲህ መናገሬ ማጋነን የሚመስለው ካለ እነዚህን ሁለት ያስብ። በባንግላዴሽ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት የራና ፕላዛ ሕንፃ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ስንጥቁ የታየው ከአንድ ቀን በፊት ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ እንዲገቡ ተደርገዋል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ በሰርፍሳይድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2021 ፈርሶ 98 ሰው የገደለው የመኖሪያ ሕንፃም፣ በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ያለው ውሃ መከላከያ መበላሸቱና ከሥሩ ያለው ሶሌታ (ጠፍጣፋው የኮንክሪት ወለል) ክፉኛ መጎዳቱ በ2018 በመሐንዲስ ሪፖርት ተጽፎለት ነበር። በሁለቱም ቦታ ምልክቱ ታይቶ ነበር፤ የጎደለው አይቶ ሥራ መጀመር ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ጣሪያችሁ ላይ ውጡና የአሸንዳውን መውረጃ ከቅጠልና ከአፈር አጽዱ። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ከቀለሙ በፊት አስጠግኑ። ከስንጥቁ ጫፍ በእርሳስ አጭር መስመር አስምሩ፣ ቀኑን ጻፉበት፣ በስንጥቁ ላይም አቋርጣችሁ ጥቂት ጂሶ ለጥፉ። ጂሶው ከተሰነጠቀ ወይም ስንጥቁ ከእርሳሱ ካለፈ ሕንፃው እየተንቀሳቀሰ ነውና ቀኑን ይዛችሁ መሐንዲስ ዘንድ ሂዱ። ዓምድ ወይም ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ላይ ከሆነ ግን ጂሶውንም አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሂዱ።