«ሙሽራ ነው ወይስ ለቅሶ ደራሽ?»

የሙሽራ ሜካፕ ሠሪ ነኝ፣ የዛሬውን ብሩሽ እያጠብኩ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ። ወገቤ የለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ቆሜ ነው የዋልኩት፣ ምሳ የሚባል ነገር አልነበረም፣ እና አሁን ልክ እግሬን ሰቅዬ ሻይ ልጠጣ ስል ስልክ ተደወለ። የሙሽራዋ እናት ናቸው፣ ቀሪው የሜካፕ ብር ይቆይ አሉኝ። ለምን ስል «የልጅቷ ፊት ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ ወጥቷል»። ነጭ! ኧረ በማርያም! ጠዋት አጠቆርሻት ስባል ያረፈድኩት እኔ፣ ማታ ደግሞ አነጣሻት የምባለው እኔ!

የዛሬዋ ሙሽራዬ ያቺ ናት፣ ትሪያሏን (ከሠርጉ በፊት የሞከርኩላትን ሜካፕ) ስለጥፍ ኮሜንቱን እሳት በእሳት ያደረጋችሁላት። ጠይም ናት፣ ግን ዝም ብሎ ጠይም አይደለም፣ ከሥሩ ወርቅ ወርቅ የሚል፣ ፀሐይ ሲነካው ማር የሚመስል። ለሷ የሚሆን ቀለም ፍለጋ ሁለት ፋውንዴሽን (ፊትን አንድ ወጥ የሚያደርገው የሥር ቀለም) ነው የቀላቀልኩት፣ እናንተ እንደምታደርጉት እጅ ላይ ሳይሆን (እጃችሁ ላይ የምትሞክሩ ልጆች ተዉ እባካችሁ፣ በእጃችሁ ነው ሠርግ የምትሄዱት?) መንጋጋዋ ላይ ቀብቼ ወደ አንገቷ ሳብ አድርጌ፣ በረንዳ አውጥቼ በቀን ብርሃን አይቼ፣ ከዛ ደግሞ ሩብ ሰዓት ጠብቄ፣ ምክንያቱም ፊት ላይ ሲቆይ የሚጠቁር ወይ ብርቱካን ብርቱካን የሚል ፋውንዴሽን አለ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያየሽው ሌላ ከቆየ በኋላ የሚሆነው ሌላ። ይሄ ሁሉ ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በፊት ነው። መስታወት ስሰጣት ምን አለች መሰላችሁ፣ «እኔኑ መሰልኩ» አለች። ያን ቀን ከዚህ በላይ ምን ክፍያ አለ ብዬ ነበር፣ ሞኝ ስለሆንኩ። ክፍያማ አለ፣ ቀሪ ይባላል።

ቀብድ ስቀበል የተነጋገርነው ሙሽራ፣ እናት፣ ሁለት ሚዜ ነው። አራት ሰው። ዛሬ ስገባ ሳሎኑ ውስጥ ዘጠኝ ሴቶች ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ሁሉም «እኔን ትንሽ ነካ ነካ ብቻ አድርጊኝ»። ነካ ነካ የሚባል ሜካፕ የለም እኮ! ነካ ነካ ማለት ሙሉ ሜካፕ ሆኖ ብር የማይከፈልበት ማለት ነው። አንዷ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ላሽ፣ ያ የሚለጠፈው ሽፋሽፍት፣ ካልተለጠፈልኝ ብላ ታለቅሳለች፣ እናቷ ደግሞ «ምን አለበት አንድ ቀን ነው» ትላለች። ለሕፃን ዓይን ሙጫ። ላሽ በሉልኝ አልኩ በሆዴ። ሌላዋ የኔን ማስካራ አንስታ ዝም ብላ ዓይኗ ውስጥ ከተተችው፣ ከዛ መልሳ ጠርሙሱ ውስጥ። ያ ማስካራ በቃ ሞተ። እኔ ለያንዳንዱ ሰው የሚጣል ብሩሽ ይዤ የምዞረው ለቅንጦት መስሏታል፣ የዓይን ኢንፌክሽን ከሰው ሰው እንዲህ ነው የሚሄደው ብላት «አይ እኔ ንጹሕ ነኝ» ብላ ተቀየመችኝ።

11 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እሱን አልቆጥረውም፣ እሱ የመንግሥት ነው፣ ቻርጅ የሚደረግ ላይቴን ይዣለሁ። ፀጉር ሠሪዋ ግን ካውያዋን እንደያዘች ቀረች ምስኪን።

ሙሽራዬ ብቻ ነበረች ሰው። ያልኳትን ሁሉ ሰምታለች። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ፌሻል የለም፣ አዲስ ክሬም የለም፣ ቅንድብ መነቀል ቢያንስ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ብያት ልክ እንዳልኳት መጣች። አምና ያለችዋን ታስታውሳላችሁ አይደል፣ ዋዜማው ማታ ፌሻል ተሠርታ የመጣችው? ፊቷ እንደ ድንች ተልጦ፣ ፋውንዴሽኑ አልይዝ ብሎ እዚህም እዛም ክትር ክትር ሲል፣ ጥፋቱ የማን ሆነ? የኔ። እና ደግሞ ጥር ነው፣ ጠዋቱ ይቆረጥማል፣ ቆዳ ይደርቃል፣ መጀመሪያ እርጥበት ሰጥተሽ አሥር ደቂቃ ካልጠበቅሽ ያ ሁሉ ሜካፕ 4 ሰዓት ላይ ሙሽራው ሊወስዳት ሲመጣ እንደ ግድግዳ ቀለም ይሰነጠቃል። ያቺን አሥር ደቂቃ ነው እንግዲህ «ቁጭ ብላ ስልኳን ትነካካለች» ተብሎ የተወራብኝ።

እሺ አሁን እትዬ ይግቡ።

አክስት ናቸው፣ የእናቷ ታላቅ። ቡና ይዘው ገቡ፣ ቡናው ለኔ አልነበረም። የልጅቷን አገጭ በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ወደ ላይቱ አዞሯት፣ ልክ ዶሮ እንደሚገዛ ሰው። ከዛ፦

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሜካፕ ነው እትዬ፣ ገና አላለቀም።»

«እሱማ አየሁት። አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ ነው የምትሠሪው ወይስ ለቅሶ ደራሽ?»

ሚዜዎቹ ሳቁ። ያቺ ማስካራዬን የገደለችው በጣም ሳቀች። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ካሜራውን ወደኔ አዞረው፣ በእናታችሁ ምን ይሠራልሃል የኔ ፊት የሰው ሠርግ ቪዲዮ ላይ? እኔ ሽምቅቅ ብዬ፣

«የራሷ ቀለም ነው እትዬ፣ ከአንገቷ ጋር እንዲገጥም ነው፣ ራሷ ናት የመረጠችው።»

«የራሷን ቀለምማ እግዜር በነፃ ሰጥቷታል። ላንቺ ብር የሚከፈለው ታዲያ ለምንድን ነው?»

ቤቱ ተደፋ። እናንተም እየሳቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አትደብቁ፣ እኔም ስመለስ ታክሲ ውስጥ ለብቻዬ ስቄያለሁ፣ ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። ሴትዮዋ ችሎታ አላት። ግን ያኔ፣ እዛ፣ ስፖንጅ በእጄ ይዤ፣ ምን ብዬ መለስኩ? «እሺ እትዬ»። እሺ እትዬ! ስንት መልስ ነበረ እኮ። «ብሩማ ይሄን ለመስማት ነው» ማለት ይቻል ነበር። አሁን ነው የሚመጣልኝ፣ ብሩሽ ሳጥብ፣ አንዱን ሳጥብ አንድ መልስ ሌላውን ሳጥብ ሌላ መልስ። አንጀቴ አሮ ሊሞት ነው።

እኔ ይሄ አገር የማይገባኝ ነገር ዘፈኑ ሁሉ ጠይም ጠይም ይላል፣ ወንዱ ሁሉ ጠይሟ እያለ ይዘላል፣ ሠርግ ሲደርስ ግን ቤተሰቡ በሙሉ «ትንሽ አቅያት»። ለምን? ማንን እንድትመስል? ሙሽራው እኮ ያያት ጠይም ሆና ነው፣ አውቋት ነው ያገባት፣ ሌላ ሰው ይዘንለት ብንሄድ ግራ አይገባውም? ይሄ «ትንሽ ማቅላት» ደግሞ ሜካፕ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር፣ በሌላ ቀን ስድስት ወር የማቅያ ክሬም ስትቀባ የከረመች ልጅ መጥታልኝ ስቴሮይድ ያለበት መሆኑን እንኳን አታውቅም፣ «ፈጣን ነው ብለውኝ ነው» አለች። ቆዳዋ ሳስቶ ጉንጯ ላይ የደም ሥሯ ይታያል፣ ብሩሽ ሳሳርፍባት ያቃጥላታል። እሷን ሐኪም ቤት ሂጂ ከማለት ሌላ በምን ልሸፍናት? ድሮስ የኛን ቀለም ማግኘት ከባድ ነበር ይባል፣ ሶማሊያዊቷ ሞዴል ኢማን፣ የኛው የአፍሪካ ቀንድ ልጅ፣ በ1994 በፈረንጅ የራሷን ሜካፕ ያወጣችው እኮ ለሷ ቆዳ የሚሆን ጠፍቶ ነው፣ ዘፋኟ ሪሃናም በ2017 በፈረንጅ ፌንቲ የሚባለውን ሜካፗን በአንዴ በ40 የፋውንዴሽን ቀለም አወጣችው፣ አሁን ቀለሙ ተገኘ፣ ተመስገን፣ ሻንጣ ተሸክሞ ከዱባይ የሚያመጣም ሰው አለ። እትዬ የሚባሉ ሰው ግን አንድ ቀለም ብቻ ነው የሚያውቁት።

ዋናው ነገር ገና ነው።

ለሚዜዋ ላሽ ልለጥፍ ሌላኛው ክፍል ገባሁ። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ እትዬ ሙሽራዬ ፊት ቁጭ ብለዋል፣ በእጃቸው ምን ይዘዋል? የሕፃን ፓውደር። የሕፃን! ያ ለቂጥ የሚነሰነሰው! በሶፍት እያደረጉ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ ጉንጯን ጠብ ጠብ ጠብ። ሦስት ሰዓት የለፋሁበት ፊት እንደ ዳቦ ዱቄት ተነስንሶበታል። «ይኸው አሁን ሙሽራ መሰለች» አሉኝ። ሙሽራዬ በመስታወት ውስጥ አየችኝ። ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልኩም። እኔ በሷ አልፈርድም፣ እናቷ ቆማለች፣ አክስቷ ናት ያሳደገቻት፣ በዛች ሰዓት ማን ይጣላል? እኔ ግን ምን ሆኜ ነው? ቢያንስ ላራግፈው ብዬ ብሩሽ ሳነሳ «ተይ አትንኪያት አበላሽተሻት ነበር» አሉኝና ብሩሼን ቁጭ አደረግሁት። እሺ እትዬ። ለሁለተኛ ጊዜ።

ከዛ ፎቶ። ፍላሽ ያለበት ካሜራ ነጭ ፓውደር አይምርም፣ በዓይን የማይታየውን ሁሉ አውጥቶ ያሳጣል። ውድ ውድ የሚባሉት ሲሊካ ያለባቸው ፓውደሮች ራሳቸው ከበዙ ፍላሽ ላይ ነጭ ጥርት ብለው ይወጣሉ፣ ዚንክ ወይ ታይታኒየም ያለበት ሰንስክሪንም እንደዛው፣ ለዛ ነው እኔ ከመጨረሴ በፊት ሁሌ በስልኬ ፍላሽ አብርቼ የማነሳት። ዛሬም አንስቻት ነበር! ከእትዬ በፊት! ፎቶው ስልኬ ላይ አለ፣ ሰዓቱም አለበት፣ ፊቷና አንገቷ አንድ ሰው ናቸው። ከእትዬ በኋላ ያለውን ካሜራ ማኑ አሳየኝ፣ ፊቷ ጨረቃ፣ አንገቷ ጠይም፣ ቬሎው ነጭ፣ ከሩቅ ፊቷም የቬሎው ክፍል ይመስላል። «ሜካፕ አርቲስቷ አንቺ ነሽ?» አለኝ። እንደ ሌባ።

እና ማታ እናትየው ደውለው «አንቺ ጎበዝ ናት ተብለሽ ነበር እኮ የመጣሽው»። የፓውደሩን ነገር ስነግራቸው ዝም አሉ፣ ከዛ «እሷማ ትንሽ ነው ያስነካቻት»። ነካ ነካ! ይኸው ነካ ነካ!

ስለ ብሩ ደግሞ ልንገራችሁ። ዶላሩ በኛ ሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ከመቶ አልፎ ነው የሄደው። የኔ ዕቃ አንድም እዚህ አይመረትም፣ ከሙጫው እስከ ስፖንጁ በዶላር ነው የሚገባው። መርካቶ በርካሽ አለ አትበሉኝ፣ አለ፣ ሣጥኑ ኦርጅናል ውስጡ ምን እንደሆነ የማይታወቅ፣ እኔ ያንን የሰው ልጅ ዓይን ላይ አላደርግም። ዋጋ ስጨምር ግን «ለዱቄት ይሄ ሁሉ?» እባላለሁ። ዱቄቱን አታስከፍሉኝ፣ ዱቄቱን እትዬ በነፃ ያመጣሉ።

ሌላው የደከመኝ በየቀኑ ኢንቦክሴን የምታጨናንቁት «ለሥራ ቀለል ያለ ሜካፕ ምከሪኝ» ባዮች ናችሁ። እነግራለሁ፣ ማንም አይሰማም። ሰንስክሪን አድርጊ እላለሁ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀዝቃዛ መስላ ታታልላለች እንጂ ታቃጥላለች፣ «አይ ፊቴን ያወዛዋል»። እሺ ከዓይንሽ ሥር ጥቁረቱን የሚሸፍን ትንሽ ኮንሲለር፣ ቅንድብሽን አበጥሪ፣ ከንፈርሽ ላይ የሆነ ነገር፣ አለቀ፣ አምስት ደቂቃ ነው። ኧረ የት! ሰፈሬ ያለችው ልጅ ባንክ ካሸር ናት፣ ቲክቶክ አይታ በየቀኑ ኮንቱር፣ ሃይላይተር፣ ላሽ፣ ሁሉንም ደርድራ ትወጣለች፣ ብር ስትቆጥር ላሿ ገንዘቡ ላይ ሊወድቅ ምንም አይቀረው። ስነግራት «አንቺ እንዲህ አይደል ለሙሽራ የምትሠሪው» ትላለች። አዎ ለሙሽራ! ሙሽራ አንድ ቀን ነው፣ አንቺ ነገም ሰኞ ነሽ! ማታም ታጥቢው እንደሆነ ጠየቅኳት፣ ሳቀችብኝ። ትራሷን አሰብኩት።

«ናቹራል ይሁን ግን በደንብ ይታይ» የምትሉትን ደግሞ ሌላ ቀን እመለስባችኋለሁ፣ አሁን ጉልበት የለኝም።

ነገ እሁድ መልስ ነው። አዎ፣ እሱንም እኔው ነኝ የተዋዋልኩት፣ ለካባው ወርቅ ወርቅ የሚል ዓይን አስቤላት ነበር። ቀሪዬን ሳይሰጡኝ ልሂድ ወይስ ስልኬን ልዝጋ እያልኩ ሳለ ልክ ይሄን ስጽፍ ሙሽራዬ በቴሌግራም ቮይስ ላከችልኝ፣ በሠርጓ ማታ፣ ሹክ እያለች፣ «እህቴ በናትሽ ነገ እንደ ትሪያሉ አድርጊልኝ፣ ብሩን እኔ በቴሌብር እልክልሻለሁ ለማሚ እንዳትነግሪ» አለች። አለቀስኩ። እውነት ብሩሹን ጥዬ አለቀስኩ።

ከዛ ሁለተኛ ቮይስ መጣ። «ደግሞ አንድ ነገር፣ እትዬም ነገ ትሠራኝ ብላለች፣ ትንሽ ነካ ነካ ብቻ። እንዳታጠቁረኝ በያት ብላለች።»