ሳይወድቅ የሚሳቅለት ሰው

ለንደን ውስጥ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት እንግሊዛዊት ጎረቤቴ 81 ዓመታቸው ነው። አልፎ አልፎ ሻይ ይጠሩኛል። ቴሌቪዥናቸው የሚያሳየው ሁልጊዜ አሮጌ ሲትኮም (ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ) ነው፤ ከሁሉም «ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ»ን ይወዳሉ። የአየር ባየር ነጋዴው ዴል ቦይ መጠጥ ቤት ውስጥ ለሴቶች እየተጀነነ ባንኮኒው ላይ ደገፍ ሊል ያዘነብላል። አሳላፊው ለካ መተላለፊያውን ከፍቶት ኖሯል! ሰውየው እንደ ግንድ ይገነደሳል። ጎረቤቴ የሚስቁት ግን ገና ሳይወድቅ ነው። ያ ትዕይንት መጀመሪያ የታየው በ1989 ነው (በፈረንጅ እየቆጠርኩ ነው)።

በ1996 የገና ሰሞን የዚሁን ሲትኮም አንድ ክፍል 24.3 ሚሊዮን ሰው አየው፤ ከአምስት ሰው ሁለቱ እንደማለት ነው። እኛም እሁድ እሁድ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት ቤት ወለሉ ላይ ተደርድረን «120» እናይ ነበር። ግን እኛ ሌላ ጣቢያ መች ነበረንና! እነሱ አራት ነበራቸው።

ዛሬ አዲስ ሲትኮም ብርቅ ሆኗል። ጥፋቱን ሁሉም በኔትፍሊክስና በዩቲዩብ ያላክካል። ለእኔ የጠፋው ትዕግሥት ነው። ዴል ቦይ በ1981 ሲጀምር ብዙም ተመልካች አልነበረውም፤ ቢቢሲ ግን አልጣለውም፣ ደግሞ አሳየው፣ ሕዝቡም ቀስ በቀስ ለመደው። ያንን ትዕግሥት የሚገዛው በየቤቱ ለቢቢሲ የሚከፈለው የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ነበር። ክፍያው ከ2022 ጀምሮ ለሁለት ዓመት 159 ፓውንድ ላይ ተገትሮ ቆየ፤ የዕቃው ዋጋ ግን ሽቅብ ይሮጥ ነበር። እጅ ሲያጥር ደግሞ ያልታወቀ ደራሲ ላይ ማን ይወራረዳል? ተመልካችስ አለ። በ2024 የገና ዕለት «ጋቪን ኤንድ ስቴሲ» የተባለው የቢቢሲ ሲትኮም ሲያበቃ በዚያው ምሽት ብቻ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። እሱም ቢሆን በ2007 የተዘራ ነው።

ከ75 ዓመት በላይ ለሆኑ ሁሉ ነጻ የነበረው ፈቃድ በ2020 ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ጡረተኞች የሚሰጠውን ድጎማ ለሚያገኙት ብቻ ሆነ። ጎረቤቴ ስለዚህ ይከፍላሉ፤ በ2025 ሒሳቡ 174.50 ፓውንድ ደርሷል። ዜናው ካላማራቸው «በገንዘቤ!» እያሉ ስክሪኑ ላይ ይጮኻሉ። እኛም አገር ቴሌቪዥን ያለው ሰው ዓመታዊ ክፍያ ነበረበት፤ ከፍሎ «የእኔ ጣቢያ» ያለ ሰው ግን አላጋጠመኝም። የመንግሥት ነው፣ አለቀ። እዚህ ቢቢሲ ከ1980 ጀምሮ «የስ ሚኒስተር» በሚል ሲትኮም የሚኒስትርን ቢሮ መሳቂያ ሲያደርግ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ማርጋሬት ታቸር እንደሚወዱት በይፋ ተናግረዋል። እኛ ጋ በዚያ ዘመን ማን ደፍሮ!

ባለፈው እሁድ ጎረቤቴ ዘንድ ነበርኩ። ዴል ቦይ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ባንኮኒው ዞር ሲል፣ ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ። ቀድሜያቸው ስቄ ነበር።